የገበሩ ስፌት

...ወስፌው አውራ ጣትህን በስቶ በወዲያኛው በኩል ብቅ ሲል አልጮህክም። አባታችን ከመቀመጫው ሳይነሳ «ደሙን ቆዳው ላይ እንዳታንጠባጥብ» አለህ። ጣትህን አፍህ ውስጥ ከተህ እኔን እኔን ታየኝ ነበር። ስንት ዓመትህ ነበር? ዘጠኝ? ከዚያ በኋላ የሆነውን ለማስታወስ ከጠዋት ጀምሬ ብታገል እምቢ አለኝ። ማን አሰረልህ? እኔ ነኝ ወይስ እማዬ?

ወንድሜ፣ ሰላም ሳልልህ ጀመርኩ፤ አትቀየመኝ። እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህ፣ ልጆችህ እንዴት ናቸው? የትንሿ ሳል ለቀቃት? የእማዬ ጉልበትስ? ደረጃውን ብቻዋን ትወርዳለች ወይስ ዛሬም ሰው ትጠራለች? እኔ ለመኖሩ አለሁ። እበላለሁ። እተኛለሁ ብልህ ግን ውሸት ይሆናል።

የምጽፍልህ ኮሪደር ውስጥ ተቀምጬ ነው። ወንበሩ ከወለሉ ጋር በብሎን የታሰረ ነው፤ ሰው ተሸክሞት ይሄዳል ብለው ይሆን? ከፊቴ ግራጫ በር አለ። የልጄ ጠበቃ ገብታለች፤ ስትጠራኝ እገባለሁ። ከመግባቴ በፊት ይህን ልጨርስ ብዬ ነው የምቸኩለው። ስልክህ ከተዘጋ አራት ሳምንቱ። ሰዓት ሠሪው ጎረቤታችን ሱቁም ተዘግቶ እንደከረመ ነገረኝ። «ወንድምህን አሞት ነው እንዴ?» ብሎ እኔኑ ጠየቀኝ። ከባሕር ማዶ ሆኜ ምን ልበለው? «ጉንፋን ይዞት ነው» አልኩት። እንዲህ ቶሎ መዋሸት መቻሌ አስደነገጠኝ።

ልጄን፣ እንዝርትን አየኋት። ስሟን ያወጣህላት አንተ ነህ፣ ቁጭ ማለት አታውቅም ብለህ። አሁን ቁጭ ብላለች። በመካከላችን መስታወት አለ፣ በዚህ በኩል ስልክ፣ በዚያ በኩል ስልክ፣ ሃያ ደቂቃ። የመጀመሪያ ቀን ሁለታችንም ስልኩን ጆሯችን ላይ ለጥፈን ተያየን። በኋላ «አባዬ፣ የሸሚዝህን ቁልፍ አዛንፈህ ቆልፈሃል» አለችኝ። ሳቅን። ፈትቼ መልሼ እስክቆልፍ ጊዜው ሄደ። ሃምሳ ዓመት መርፌ የያዘ እጅ፣ በገዛ ቁልፉ ተሸነፈ።

በሁለተኛው ቀን ስለ ሻንጣው ጠየቅኋት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ «ሻንጣው የኔ ነው» አለች። ሻንጣው ያንቺ መሆኑንማ አውቃለሁ፣ ከሱቃችን መደርደሪያ ስትመርጪው አጠገብሽ ነበርኩ፤ ገበሩ ውስጥ ያለውን ማን ከተተው ነው የምልሽ አልኳት። «የኔ ነው፣ አባዬ። አትጠይቀኝ» አለች። በሦስተኛውም ቀን እንደዚያው። ጠበቃዋ እንደምትለው፣ በአውሮፕላን ጣቢያ ያገኙት ዕፅ ብዛቱ አሥራ ሁለት ዓመት ያስፈርዳል። እንዝርት ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። ደምሬው እቀራለሁ፤ ከዚያ በላይ አላስብም።

ቋንቋቸውን ስለማላውቅ አንድ የአገራችን ሰው ያስተረጉምልኛል። ሃያ ዓመት እዚህ ኖሯል። ቀልደኛ ነው። መጀመሪያ ቀን ሲቆጡኝ አይቶ «አባባ፣ እዚህ አገር ሲቆጡዎት አይፍሩ፣ ፎርም ሳይሞሉ ቀርተው ነው። ሲስቁልዎት ነው መፍራት» አለኝ። ከዚያ ወዲህ የሚስቅልኝን ሁሉ እፈራለሁ። ዳቦ የምትሸጥልኝን ሴት ሳይቀር።

አሁን ዋናውን ልንገርህ።

ባለፈው ሳምንት ጠበቃዋ ቢሮዋ ጠርታ ፎቶ አሳየችኝ። የሻንጣው ገበር ነው። ተተርትሮ፣ ዕፁ ከገባ በኋላ በእጅ መልሶ የተሰፋ። ቆዳ ሰፊ መሆኔን ስለምታውቅ፣ ምን ይታይሃል ለማለት ብቻ ነበር። ፎቶውን ወደ መስኮቱ አስጠግቼ የክሩን መጨረሻ ፈለግሁ። ቋጠሮ የለውም።

ታውቀዋለህ። ሌላው ሰፊ ክሩን ይቋጥራል፣ ወይም ጫፉን በክብሪት ይለበልበዋል። አባታችን ሁለቱንም ይጸየፍ ነበር። ክሩ ሦስት ቀዳዳ ወደ ኋላ ይመለስና ጫፉ ገበሩ ሥር ገብቶ ይጠፋል። «የሥራህ መጨረሻ አይታወቅ» ይል ነበር። ከሱ የተማርነው ሁለታችን ነን። እንዝርትን ደግሞ ጭንህ ላይ አስቀምጠህ ያስተማርካት አንተ ነህ። ሌላ ሰው ሲያደርገው በዕድሜዬ አላየሁም።

እና ምን ብል ጥሩ ነው? «ይህማ የኛ ቤት እጅ ነው» አልኩ። እንደ ሞኝ! ደግሞ ትንሽ ኩራት ነበረበት፣ አባታችን ሰው ፊት ሲመሰገን እንደሚሰማኝ ያለ። አስተርጓሚው ወዲያው ተረጎመው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ጠበቃዋ እስክሪብቶዋን አነሳች። የማን እጅ ነው? ስትለኝ ነው የነቃሁት። ፎቶው ደብዛዛ ነው፣ ሻንጣውን ራሱን ካልነካሁ አላውቅም አልኳት። ጊዜ የገዛሁ መስሎኝ ነበር። ሻንጣውን እንዳይ አስፈቀደችልኝ። ቀኑ ዛሬ ነው፣ በሩም ይኸው ከፊቴ ያለው።

እንዲህ ስትል አስረዳችኝ፦ ስፌቱ የልጅቷ ካልሆነ፣ የማን እንደሆነ ከተናገርክ ለዳኛው የማቀርበው ነገር አገኛለሁ። የሷ ከሆነ ግን አፍህን አትክፈት። አስተርጓሚው ከራሱ ጨመረበት፣ «አባባ፣ በኛ ቋንቋም ቢሆን አይክፈቱ።»

ወንድሜ፣ ከነካሁት አውቀዋለሁ። የሰው እጅ እንደ ድምፁ ነው። አንተ ክሩን ታከርረዋለህ፣ ቆዳው እስኪጨማደድ ትስበዋለህ። እሷ ታላላዋለች፤ ትቸኩላለች። በጉዞዋ ዋዜማ እኔ እማዬን ይዤ ሐኪም ቤት ሳድር፣ የሻንጣው እጀታ ላልቷል ተብሎ ሱቁ ውስጥ ያመሻችሁት ሁለታችሁ ናችሁ። ሁለታችሁም ወስፌው እጃችሁ ላይ ነበር። ማንኛችሁ ማንኛችሁን አያችሁ? ወይስ አንዳችሁ ሻይ ልታመጡ ወጣ ብላችሁ ነበር? ይህን ሳስብ ሱቁን አየዋለሁ፣ አምፖሉን፣ ሰሙን፣ የቆዳውን ቁርጥራጭ። እናንተ ግን ጀርባችሁን ሰጥታችሁኛል። ዙሩ ብላችሁ አትዞሩም።

አንድ ነገር ልንገርህ፣ ቢከፋህም ስማኝ። ዛሬ ጠዋት የዚህን ሕንፃ ደረጃ ስወጣ፣ ያንተ ይሁን ብዬ ጸለይኩ። እንደዚያ ብዬ፣ ስምህን ጠርቼ። ከዚያ ደረጃው መሐል ቆምኩ። ከኋላዬ የሚመጡ ሰዎች እየገፉኝ አለፉ። ሁለተኛ ጸሎት ልጨምርበት፣ የመጀመሪያውን ላነሳው ብዬ አፌን ከፈትኩ፤ ምንም አልመጣም። እስከ ሦስተኛው ፎቅ ድረስ ያለ ምንም ወጣሁ።

በስልክ ብትነግረኝ ኖሮ! ምንም ይሁን ምን ብትነግረኝ፣ አላየሁም አላወቅኩም ብዬ እዚህ ወንበር ላይ ባልተቀመጥኩ ነበር። ወይም እቀመጥ ነበር። አላውቅም። ምን እንደማደርግ ስለማላውቅ ነው የምፈራው። በሩ በተንቋቋ ቁጥር ወረቀቱን አጥፌ እነሳለሁ።

ጠበቃዋ አንገቷን አወጣች፤ አንድ ደቂቃ ነው የምትለኝ መሰለኝ፣ ጣቷን አሳየችኝ።

እንግዲህ ልሰናበትህ። ልጆችህን ክፉ አይንካብህ። ባለቤትህን ጤና አይንሳት። እማዬን ለሁላችንም ያቆይልን። አንተንም ያለህበት ቦታ አይጥበብብህ።

ታላቅ ወንድምህ፣
የእንዝርት አባት

ይህን ከገባሁ በኋላ ነው የጨመርኩት። ሻንጣው ጠረጴዛው ላይ ሆዱ ተከፍቶ ተኝቶ ነበር። ጠባቂው የላስቲክ ጓንት አጠለቀልኝ። በጓንት ስፌት አይታወቅም ብዬ ተከራከርኩ፣ አስተርጓሚውም ተከራከረልኝ፣ እምቢ አሉ። በልቤ ደስ አለኝ፤ በቃ፣ አልለይም ብዬ እወጣለሁ አልኩ። ዓይኔን ጨፍኜ ከዳር እስከ ዳር አንድ ጊዜ ዳሰስኩት። ጓንቱ ስስ ነበር፤ የቆዳው ጭምድድ በጣቴ ሥር አለፈ።

ጠባቂው ሻንጣውን ይዞ በሌላ በኩል ወጣ። ሦስታችን ቀረን። አስተርጓሚው ዛሬ ቀልድ አላመጣም። «አባባ፣ ያውቁታል ወይ ነው የምትለው» አለኝ ቀስ ብሎ። ውሃ ስጡኝ አልኩ። ጠጣሁ። ብርጭቆውን የማስቀምጥበት ቦታ ጠፋኝ።

ወንድሜ፣ ይህ ደብዳቤ ሲደርስህ ለእማዬ ራስህ ንገራት። ከሰው አፍ እንዳትሰማው። ቆማ ሳለች አትንገራት፣ መጀመሪያ አስቀምጣት።

የኮሪደሩ በር ገርበብ ብሎ ነበር፤ ሰዎች ሲያልፉ ጫማቸው ይሰማል። አስተርጓሚውን፣ በሩን ትዝጋልኝ በላት አልኩት። ተነስታ ዘጋችው።