ቡድኑን ይሽጡልን፣ አቶ ገብረጻድቅ ይመለሱልን

ለተከበሩ የብሉ መስኪት ሆልዲንግስ ሊቀ መንበር፣
የላስ ቬጋስ ጃክራቢትስ ቤዝቦል ቡድን ባለቤት፣
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ነው? እኛማ በዚህ ሙቀት ፀሐዩ በኩል ተቀምጠን፣ ቡድንዎ ሲሸነፍ እያየን፣ ለክብርዎ ጤና ስንመኝ ከርመናል።

አስካል እባላለሁ፤ ነዋሪነቴ ኖርዝ ላስ ቬጋስ፣ ሥራዬ ኤፔክስ በሚባለው የመጋዘን ሰፈር ዕቃ መጫን ነው። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከምሥራቅ ላስ ቬጋስ ወዳጆቼ ጋር ከስታዲየም የማልቀር ደጋፊ ነኝ። የምጽፍልዎ ቡድኑን እንዲሸጡት በትሕትና ለመለመን ነው። ባለፈው ወር «ቡድኑ ቤተሰባችን ስለሆነ አይሸጥም» ማለትዎን አንብቤ፣ ቤተሰብ ከሆነማ አንድ ቀን እንኳ ብቅ ብለው አይጠይቁትም ወይ ማለቴ አልቀረም።

ጊዜዎን ላለማባከን ቅሬታዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ኳሷን በደንብ መምታት የጀመረ ተጫዋች ሁሉ ወዲያው ለሌላ ቡድን ይሸጣል። ምስጋናዬ ይድረስዎ፤ በልጆቻችን ማልያ ላይ ስም ማጻፍ እንዳይለምድብን አድርገዋል። መሸጥ እንደማያስቸግርዎም ያወቅሁት ከዚሁ ነው።

፪. ጥላ ያለው ወንበር ሁሉ ለኩባንያው እንግዶች ተብሎ በመስታወት ታጥሯል። እንግዶቹ አይመጡም። ባዶው ወንበር ግን እንደማይሞቀው ሰምተን ደስ ብሎናል።

፫. ዋናው ይህ ነውና ቢደክምዎም ያንብቡልኝ። አቶ ገብረጻድቅ በሰማንያዎቹ በስደት መጥተው፣ ታክሲ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ቤዝቦልን ለሁላችንም ያስለመዱን አባታችን ናቸው። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ከቤት የሚወጡት ለቤተ ክርስቲያንና ለዚህ ጨዋታ ብቻ ነበር። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ዘግይተው ይገባሉ። ብቅ ሲሉ እኛ እንደ አስተዳደጋችን «ኖር» ብለን ብድግ እንላለን፤ እሳቸውም «በእግዜር» ብለው ያስቀምጡናል። ከኋላችን ያሉት አሜሪካውያን ታዲያ ኳሷ ተመትታ ከሜዳው አጥር ያለፈች፣ ነጥብ የተገኘ እየመሰላቸው አብረውን ይነሳሉ፤ ከእነሱ ኋላ ያሉትም እንዲሁ፤ ጎኑ በሙሉ ያጨበጭባል። ሜዳ ላይ ያለው ተጫዋች ምን እንደሠራ ሳይገባው ባርኔጣውን ያነሳል። እውነቱን ለመናገር፣ ዓመቱን ሙሉ የምንደሰትበት ጊዜ ይኸው ነበር።

ኩባንያዎ ይህንኑ ቀርጾ «መቀመጥ የማይችሉ ደጋፊዎች» የሚል ማስታወቂያ ሠራበት። ዘንድሮ ደግሞ የመስታወቱን ቤት እይታ ይጋርዳል ተብሎ መቆም ተከለከለ። ደንቡን የነገረችን የመቀመጫ አስተናጋጇ ናጃት፣ እኛ ከተነሳን እሷ ከሥራ እንደምትባረር አንገቷን ደፍታ ነገረችን። ለእሷ ስንል ተቀመጥን። አቶ ገብረጻድቅ ሲገቡ ሁላችንም ጉልበታችንን እያየን አገኙን። ምክንያቱን ነገርናቸው፤ አልተቆጡም። ሲወጡ ግን እንዲህ አሉኝ፦ «አስካልዬ፣ ከእንግዲህ ቤቴ ሆኜ በቴሌቪዥን አየዋለሁ። እናንተንም አላሳቅቅ፣ ልጅቷንም እንጀራዋን አላሳጣት።» ከዚያ ወዲህ አልመጡም። በጣም አዝኛለሁ፤ መናደድ እንኳ ደክሞኛል።

፬. ይህንኑ ለቢሮዎ ጽፌ ነበር። «አስተያየትዎን እናከብራለን» የሚለው መልስ ጣቴን ከስልኩ ሳላነሳ ደረሰኝ። እንዲህ ፈጥኖ የሚያነብ ሰው ስለ ቀጠሩ አመሰግናለሁ።

ስለዚህ ይሽጡት። ገዢው ቡድኑን አሸናፊ ያድርገው አንልም፤ መሸነፉን ለምደነዋል። እሑድ እሑድ ራሱ መጥቶ የሚቀመጥ፣ ሽማግሌ ሲገቡ ሰው ለምን እንደሚነሳ አጠገቡ ያለውን የሚጠይቅ ሰው ይበቃናል።

ረጅም ዕድሜና የማይቆረቁር ወንበር እየተመኘሁልዎ፣
በደንብዎ መሠረት ተቀምጬ የጻፍኩ፣
ትሑት ደጋፊዎ
አስካል

ማስታወሻ፦ ሸጠውት ለመሰናበት የሚመጡ ከሆነ ስለ ደንቡ አይጨነቁ፤ ያን ቀን ናጃትን የሚያባርር አይኖርም። አቶ ገብረጻድቅም ለዚያች ቀን ብቻ ሊመጡ ቃል ገብተውልኛል። እኛ ለሚመጣ ብቻ ሳይሆን ለሚሄድም እንነሳለንና፣ እሳቸው ጭምር ብድግ ብለን፣ መኪናዎ ከዓይናችን እስኪሰወር ቆመን እንሸኝዎታለን።