ባለ አንድ እግር አግዳሚ

ሐሙስ፣ ኅዳር 18

ወንበሬ ዛሬ ቆመ። ሁለት ሰው የሚያስቀምጥ አግዳሚ ነው፤ እግሩ ግን አንድ ብቻ፣ እሱም መሐሉ ላይ። ጫፍና ጫፍ ሲቀመጡበት ይመዛዘናል፤ አንዱ ሳይናገር ከተነሣ ሌላው መሬት ነው። የተኳረፉ ሰዎች ለመነሣት እንኳ መነጋገር ግድ ይሁንባቸው ብዬ ነው የነደፍኩት። ነገ እኔና ጓደኛዬ ሰላም ተቀምጠንበት ለመምህራችን እናሳያለን።

ዓዲ ሓቂ ሰፈር በተከራየነው ቤት በረንዳ ላይ ሞከርነው። ንቅንቅ አላለም። እኔ እንደተቀመጥኩ አጎንብሼ የእግሩን መጋጠሚያ ሳደንቅ፣ የቤታችን ባለቤት ኣደይ ለተብርሃን የግቢውን በር ከፍተው ገቡ። ሰላም "ኖር!" ብላ ብድግ። እኔ ዘጭ።

"ዋይ ኣነ! ምን ሆንሽ ልጄ?" አሉ ኣደይ ለተብርሃን።

"ታዲያ ምን ላድርግ፣ እሳቸው ቆመው ልቀመጥ?" አለችኝ ሰላም፣ ከወደቅኩበት እየጎተተችኝ። በናትሽ ሁለት እግር ጨምሪበት ብላም ለመነችኝ። እውነቷን ነው፤ እዚህ አገር ለታላቅ የሚነሣ ሰው ከማንም ጋር አይነጋገርም። ይህን እንዴት እንደረሳሁት እንጃ።

ኣደይ ለተብርሃን ነገሩ ሲገባቸው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። "ተዪው፣ አትንኪው" አሉኝ። "ሰላም ተነሣች። አንቺ አልተነሣሽም፤ ጣለሽ። ወንበርሽ ካንቺ ይልቅ ጨዋ ነው።"

እግር አልጨምርም። ነገ መምህራችን ሲገቡ ቀድሜ የምነሣው እኔ ነኝ። ሰላም ትወቅበት።