ገዳዩ ሐኪሙ ነው

ሰኞ፣ ጥቅምት 4

ይህቺ የእህቴ ልጅ አንድ ቀን ታሳስረኛለች። የሻይ ብርጭቆዋን በተከራየሁት መጽሐፍ ላይ አስቀምጣ ሽፋኑ ላይ ክብ ማኅተም መታችበት። «የሰው ንብረት እኮ ነው! ስንት ሰው የሚያነበው መጽሐፍ! ትንሽ አታፍሪም?» ብዬ ጮህኩባት።

«አጎቴ፣ ሽፋኑ ላስቲክ ነው» አለችና በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችው። ለቀቀ። ቢሆንም አኮረፍኩ። ኩርፊያ ያምርብኛል።

ከዚያ በሬን ዘግቼ እርሳሴን አወጣሁ።

መጽሐፉ ስለ አንድ የሆቴል ባለቤት መገደል ነው። ጥሩ ነው። ደራሲው ስለ ምንጣፍና ስለ መጋረጃ ያበዛል፣ ስለ ሬሳው ያሳጥራል፤ ለኔ ተስማምቶኛል። ገዳዩን ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ያዝኩት። ቧንቧ ሠራተኛ አይደለሁ? ግድግዳው የረጠበበትና ቧንቧው የተቀደደበት ቦታ አንድ እንዳልሆነ አውቃለሁ። የሚያለቅሰውን ትቼ ከጀርባው ዝም ያለውን ነው የማየው።

እናም ምዕራፍ አምስት ላይ፣ በገጹ ዳር፣ እንደ ማተሚያ ቤት ፊደል አሳምሬ «ገዳዩ ሐኪሙ ነው» ብዬ ጻፍኩ። አይደለም። ሐኪሙ ምስኪን ሰው ነው። ግን ከኔ ቀጥለው የሚወስዱት ጡረተኛው መምህር ናቸው፤ «ከመጀመሪያው ገጽ አውቄው ነበር» ሳይሉ መጽሐፍ መልሰው አያውቁም። እስቲ አሁን ይወቁ! ባለፈው መጽሐፍ ላይማ «ገዳይዋ ድመቷ ናት» ብያለሁ። ብቻዬን ስንፈቀፈቅ የእህቴ ልጅ ከወዲያ ክፍል «ምን ሆንክ?» አለችኝ።

«ሰው ተገደለ» አልኳት።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9

መምህር ጉንፋን ይዟቸው ቤት ውለዋል። የሆቴሉን መጽሐፍ ሌላ ሰው ወስዶታል አሉ። ማን? አልጠየቅኩም። ወጥመዴ ባከነ…

የመጽሐፍ ኪራይ ቤቷ እመቤት በግድ ሌላ ዓይነት ልብ ወለድ አስያዘችኝ። «ሁልጊዜ ደም! እስቲ ሰው የማይገደልበት ሞክር፣ አባ ጨዋታ» አለችኝ። አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ልጇ ቤት ትገባለች። ባልየው ከመጀመሪያው ገጽ በፊት ሞቷል፤ ለዚያውም በሕመም። ማን ይጠረጠራል? እስከ መቶኛው ገጽ ድረስ የሆነው ነገር ቢኖር ምራቷ የድስት ክዳኖቹን ቦታ መቀየሯ ነው። ይህ ታሪክ ነው?

ጨረስኩት ግን። ሴትየዋ ክዳኑን ታጣዋለች፤ ማንንም ላለማስቸገር ድስቱን በሳህን ትከድንና ቁጭ ትላለች… እዚያ ላይ ዓይኔን በላኝ። አቧራ ይሆናል። የኪራይ መጽሐፍ አቧራ አያጣም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 16

ምን እንደሆንኩ አላውቅም። በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ኪራይ ቤቱ ሰው ሞልቶ ነበር። መምህር ድነዋል። የድመቷን መጽሐፍ እያውለበለቡ ይጮሃሉ፦ «ሦስት ቀን ሙሉ አንዲት ድመት ስከታተል ከረምኩ! ማነው ይህ ባለጌ?» ከመደርደሪያው ጀርባ ሆኜ ከንፈሬን ነክሼ ሳቄን ዋጥኩት። ይህን ያህል ደስታ አልጠበቅኩም ነበር።

ያን ጊዜ አናጢው ገባ። ከኛ ሰፈር ጫፍ ያለው ረጅሙ፣ ዝምተኛው። የሆቴሉን መጽሐፍ ይዟል። «እዚህ ላይ የሆነ ሰው ጽፎበታል» አለ ቀስ ብሎ። ለመክሰስ ነው የመጣው። እመቤቷ ግን መጽሐፉን ሳይሆን ጆሮውን አየች። እንደ ሁልጊዜው እርሳሱ እዚያ ተሰክቷል።

«የሆነ ሰው? እና ይሄ ምንድነው?»

እጁን ወደ ጆሮው ሰደደ። እርሳሱን አውርዶ ሌላ ሰው ያስቀመጠበት ይመስል አየው። ሁሉም ዝም አለ። ዝምታ ደግሞ አልችልም… እኔ ነኝ ያልኩት። እኔ!

«ተዉት እንጂ፣ አናጢ እኮ ነው። ገዳዩን ለክቶ ነው የጻፈው!»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። መምህር እንኳ ሳቁ። አናጢው «ባለቤቴ…» ብሎ ጀመረ፤ ሳቁ አላስጨረሰውም። እመቤቷ «ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ለእርስዎ የሚከራይ መጽሐፍ የለም» አለችው። መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ በቀስታ አስቀምጦ ወጣ። በሩን እንኳ በኃይል አልዘጋውም።

እኔም እየሳቅኩ ወጣሁ። ሳቄ ጫማ ጠጋኙ ጋ ስደርስ አለቀ። መጀመሪያ የሚጠረጠረው ሰውዬ ንጹሕ መሆኑን ከኔ በላይ ማን ያውቃል?

እሑድ፣ ጥቅምት 17

አላነበብኩም።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 19

የእህቴ ልጅ ከፀጉር ቤቷ ተበሳጭታ መጣች። የአናጢው ሚስት ደንበኛዋ ናት። ዓይኗ ካላየ ቆይቷል፤ ይህን አላውቅም ነበር። ማታ ማታ ባሏ ያነብላታል። እሷ ናት ገዳይ ፈላጊዋ፤ እሱማ ማንም ቢሆን ግድ የለውም።

«ታዲያ ያን ቀን» አለች የእህቴ ልጅ፣ «ሲያነብላት ሲያነብላት ዳር ላይ ያለውንም አብሮ አነበበው። "ገዳዩ ሐኪሙ ነው" ብሎ። ካለ በኋላ ነው የባነነው። እሷም "በቃ ዝጋው" አለችው። ምን ታድርግ? ለጥያቄ ብሎ ወስዶ ቢመልሰው ደግሞ ሰው ሁሉ ስቆበት መጣ። አሁን ወደዚያ ቤት ላለመሄድ በሌላ መንገድ ይዞራል አሉ። ማታ ዝም ብለው ቁጭ ነው።»

«ማን ሳቀበት?» አልኩ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ይጠየቃል?

«እኔ ምን አውቄ! ያንን የጻፈውን ብቻ ባገኘሁት፣ በአንድ ጎን ላጭቼው ነበር።»

ራሴን ዳበስኩ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ቀልድ ይወጣው ነበር።

ሐኪሙ አይደለም እኮ… ውሸት ነው እኮ! ብትቀጥል ኖሮ…

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 23

አንድ ወንጀል ነክ ልብ ወለድ አነበብኩ። አትክልተኛው በሐሰት ይከሰሳል። ድሮ እንዲህ ያለውን ምዕራፍ እዘለው ነበር፤ ገዳዩን ለማግኘት ስለማይጠቅም። አሁን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ደራሲው እውነት አልጻፈም። አትክልተኛው ረጅም ንግግር ያደርጋል፤ ዳኛውን ያስለቅሳል። የተከሰሰ ሰው ንግግር አያደርግም። «ባለቤቴ…» ብሎ ነው የሚያቆመው።

የጻፍኩባቸውን ሁሉ አንድ በአንድ እየተከራየሁ በላጲስ እያጠፋሁ ነው። የሆቴሉንም ዛሬ አጠፋሁ። አጸዳለሁ፣ ነገሩም ያልፋል። ያልፋል አይደል?

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 30

ጉድ ሆንኩ። እመቤቷ ደስ ብሏት ጠበቀችኝ። «አየህ አይደል፣ አባ ጨዋታ? አናጢው ከቀረ ወዲህ አንዲት ጭረት የለች! እሱ ለመሆኑ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይምጣ?»

መምህርም «ከመጀመሪያው አውቄው ነበር» አሉ።

ደህና ሰው በሆንኩ ቁጥር እሱ ወንጀለኛ እየሆነ ነው። እንደገና ብጽፍስ? እሱ እግሩ ሳይረግጥ ከተጻፈ ነጻ ይወጣል… እርሳሱን ቀርጬ አንድ አዲስ መጽሐፍ ገለጥኩ። ቆይ፣ ያን ጊዜስ የማን ጆሮ ይታያል? የፖስታ ቤቱ ልጅ? ልብስ ሰፊዋ? ዘጋሁት።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 3

አንድ አዲስ ቤት የወጥ ቤት ቧንቧ ልዘረጋ ሄድኩ። በር የሚገጥመው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? እሱ። ከአንድ ግድግዳ ወዲህና ወዲያ ሆነን ስንቀጠቅጥ ዋልን። እርሳሱ አሁን በደረት ኪሱ ነው፤ ቁልፉን ቆልፎበታል። በፈለገው ቁጥር ቁልፉን ይፈታል።

ምሳ ሰዓት ላይ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ሊመታኝ ነው ብዬ ነበር፤ ደስ ባለኝ።

«ገዳይ ሳታገኝ ቀርተህ አታውቅም ይሉሃል» አለኝ።

«ያወራሉ።»

«የኔንም ሰውዬ እስቲ አግኝልኝ፣ ወንድሜ። ለጠብ አይደለም። ባለቤቴ ማን እንደሆነ ማወቅ ትፈልጋለች። እንቅልፍ ነስቷታል… ታውቃለህ፣ ያን ቀን ስትቀልድ እንኳ አልተቀየምኩህም። የሚያናግረኝ አንተ ብቻ ነበርክ።»

«እሞክራለሁ» አልኩት።

እሞክራለሁ! አፌ ውስጥ ምላስ ነው ያለው ድንጋይ? ከሰዓት በኋላ አንድ መጋጠሚያ አጠማምሜ አስሬ ውሃው ፊቴ ላይ ፈነዳ። አናጢው ሮጦ መጥቶ በገዛ ፎጣው ጠረገኝ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 7

ጠዋት ኪራይ ቤቱ ሄድኩ። ሰው እስኪሞላ በር ላይ ቆየሁ፤ የሳቁት ሁሉ እንዲኖሩ። ከዚያ ገብቼ «የጻፍኩት እኔ ነኝ» አልኩ።

ሳቁ! እመቤቷ ጠረጴዛዋን ይዛ ሳቀች። «ዛሬ ደግሞ ምን ይዘህ መጣህ?» መምህር ዓይናቸው እስኪያለቅስ። ስንት ዓመት የገነባሁት ስም ነው፤ አሁን ላፈርሰው ብል እንቢ አለኝ። «የምሬን ነው» ባልኩ ቁጥር ባሰባቸው።

መጽሐፎቹን ራሴ ከመደርደሪያው አወረድኩ። እየገለጥኩ እዚህ ላይ ይህን፣ እዚያ ላይ ያንን ብዬ ነበር እያልኩ ቦታውን አሳየሁ። መምህር የድመቷን ገጽ ወደ መስኮቱ ወስደው በብርሃን አዘነበሉት። ላጲስ እርሳሱን እንጂ የእጄን ጫና አላጠፋም። «ድመቷ ናት» አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ በኋላ የሳቀ የለም።

እመቤቷ ብዙ አየችኝ። «ያን ቀን ቀልደሃል» አለችኝ። ያከራየችኝን ተቀብላ የሆቴሉን መጽሐፍ ከመደርደሪያው ሳበች፤ መጋረጃውን ጎትታ፣ ሱቋን በጠራራ ፀሐይ ዘግታ፣ ወደ አናጢው ቤት ሄደች። ልከተላት አስቤ ነበር። እግሬ ወደዚህ ወሰደኝ። ምን ይባላል? ቀልዱን ሰው መሀል አወቅኩበት፤ ይቅርታውን ብቻዬን እንኳ አልችልበትም።

ምሳ ላይ ለእህቴ ልጅ ነገርኳት። መላጨት ያለችው ትዝ ያላት መስሎኝ አንገቴን ደፋሁ። ብርጭቆዋን ከጠረጴዛው አንስታ፣ ሥሩን ጠርጋ፣ ሳህን ላይ አስቀመጠችው። ስለዚያች ማኅተም አንድ ቃል አልወጣትም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

የማነበው የለኝም። እሱን ነው የምጽፈው…

በር ተንኳኳ። የእህቴ ልጅ ከፈተች። የሴት ድምፅ ነው፣ የማላውቀው፦

«የታለ ሰውዬው?»

«ቀስ በይ፣ ደፍ አለ» ይላታል አንድ ወንድ። እሱ ነው። አናጢው።

«አየሁት እኮ በእግሬ። ንገሪው ልጄ፣ ለጠብ አልመጣሁም። መጽሐፉን ይዣለሁ። ከአምስተኛው ምዕራፍ ጀምሮ እሱ ነው የሚያነብልኝ። እስከ መጨረሻው። ከሐኪሙ ጋር ያጣላኝ እሱ አይደል?»

የእህቴ ልጅ በሬ ላይ ቆማ በዓይኗ ትጠራኛለች። ወንበር ሲጎተት ይሰማኛል።

ገዳዩን አውቃለሁ። እዚህም ቢሆን አልጽፈውም። የጨነቀኝ ሌላ ነው፦ እሷ ገዳይ የምትይዘው በጆሮዋ ነው፤ እኔ ደግሞ ስሙ ጋ ስደርስ ድምፄ…

መጣሁ፣ እህቴ። መጣሁ።