የራሴን ደጅ ስጠና

ሰበታ፣ ታኅሣሥ 2008

ለተቆጣሽኝ የእህቴ ልጅ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? ሥራሽስ? እኔ ከቀኝ እግሬ በስተቀር ሁለመናዬ ደህና ነው፤ የተረከዜ ጅማትም ሰላም ይልሻል።

ይህን የምጽፈው ክስ ለማቅረብ ነው። በጎረቤቴ በራህመት እጅ የላክሽልኝ ወረቀት ላይ የሣልሽው ሰውዬ ራሰ በራ ነው። ስንት ዓመት የተማርሽ ፊዚዮቴራፒስት ሁለት ክር ፀጉር መጨመር ያቅትሻል? "ደረጃ ጠርዝ ላይ በእግር ጣቶች ይቆማል፤ ተረከዝ ቀስ ተብሎ ወደ ታች ይለቀቃል፤ አሥራ አምስት ጊዜ፣ ሦስት ዙር፣ ጠዋትና ማታ።" አለቀ። "ጋሼ" የምትል ቃል እንኳ የለችበትም።

እዚህ ቤት ያለው ደረጃ የበሩ ድንጋይ ብቻ ነው። ስለዚህ መቃኑን ይዤ፣ ፊቴን ወደ በሬ አዙሬ፣ ከፍ ዝቅ እላለሁ። የመጀመሪያውን ሳምንት እየተጣደፍኩ ብሠራው ባሰብኝ፤ "ቀስ" ያልሽው ለጌጥ እንዳልሆነ ያኔ ገባኝ። ትናንት ራህመት አይታኝ፣ "ጋሼ፣ የራስዎን ደጅ ነው እንዴ የሚጠኑት? ማን ከለከለዎት?" አለችኝ። ሳቅሁ፤ በኋላ ግን ከነከነኝ። ነገሳ አንቺን እንዲጠይቁለት የላካቸውን ሽማግሌዎች ያቆምኩት እዚሁ ድንጋይ ላይ አይደል?

ልጄ፣ አልከለከልኩም። ሽማግሌ በመጀመሪያው ቀን እሺ አይባልም፤ "እንመካከር" ተብሎ ቀን ተቆርጦለት ይሸኛል። እኔ ቀኑን ዋጥ አደረግሁት። የነገሳ አጎት ኦቦ ጉተማ ትንሽ ላብ ይጥረጉ፣ አጥሩ ጋ ሲደርሱ ጠርቼ "እሑድ ኑ" እላቸዋለሁ ብዬ ነበር። አጥሩ ጋ ሲደርሱ ከአስፋልቱ በኩል ተኩስ ተሰማ። እነሱ ወዲያ፣ እኔ ወዲህ። ቀን ያልተቆረጠለት ሽማግሌ ደግሞ እንደተባረረ ይቆጠራል። ሰበታን ከአዲስ አበባ ያገናኛል በተባለው ማስተር ፕላን ሰበብ በተነሣው ተቃውሞ መንገዱ ተዘጋ፤ እኔና አንቺ ጭራሽ ተለያየን። ስልኬንም አታነሺም።

በራህመት በኩል እግሬን ምን እንደነካው አስጠይቀሻል። ዶሮ ሳባርር ነው። ከዶሮዋ ጋር የማይገናኝ ወሬ ልንገርሽ፦ ከዚህ እስከ ዓለም ገና መንገዱ ላይ የተደረደረው ድንጋይ በክት ጫማ አይታለፍም፤ ለሦስተኛ ጊዜ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ሦስቴም ዶሮዋ ቤቷ አልነበረችም። ውሻዋም ክፉ ነው።

ቆይ፣ አጥሩ ተንኳኳ። መጣሁ።

የእህቴ ልጅ! ኦቦ ጉተማ ናቸው! ብቻቸውን፣ ከዓለም ገና በእግራቸው፣ ከዘራ ተደግፈው፣ እያነከሱ። "አካም ጂርቱ" ብዬ በቋንቋቸው ሰላም ብያቸው ወንበር ባቀርብ፣ "መልስ ሳልሰማ አልቀመጥም" ብለው ድንጋዩ ላይ ቆሙ። ቀጥለውም፣ "በሌለሁበት ሦስቴ መጥቶ ውሻዬን ሲሳደብ የዋለው አንካሳ ማነው?" አሉኝ። ማንን እንደሚሉ አላውቅም።

እሳቸውንም ያመማቸው ተረከዛቸው ነው። ወረቀትሽን ባሳያቸው መቃኑን ይዘው ጀመሩ። ባርኔጣቸውን ሲያወልቁ ራሰ በራ ናቸው፤ ሥዕሉ ቁርጥ እሳቸውን! ክሴን አንስቻለሁ።

አሁን ስምንት ላይ ደርሰዋል። አሥራ አምስት ሳይሞላ "እሑድ" ልላቸው ልሂድ። አንቺም እሑድ እረፍት ጠይቂ።

እጅሽ የዳሰሰው ይዳን፤ የቆምሽበት ደጅ ሁሉ ይከፈትልሽ።

ከልካይ የተባልኩት፣
የእናትሽ ወንድም