ለለቅሶ የሚሆን ፎቶ

ደባርቅ፣ ኅዳር 12 ቀን 1979 ዓ.ም.

እማማ ጥሩነሽ ዛሬ ከአምባራስ በእግራቸው ፎቶ ቤቴ መጡ። የልጃቸው የደሳለኝ መርዶ ከጦር ግንባር ደርሷቸዋል። ለቅሶው ላይ የሚይዙት ፎቶ ፈለጉ።

"አንተ አንስተኸዋል አሉኝ፣ ልጄ።"

አንስቼዋለሁ። ግን አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሳይዘምት በፊት ከኪነት ቡድኑ ጋር ቲያትር ሲሠራ ነው። የተጫወተው ሽማግሌ ባላባት ሆኖ ነበር። ፀጉሩ በዱቄት ነጥቷል፣ አገጩን የጥጥ ጢም ሸፍኖታል። አጉልቼ አጠብኩት። ጢሙን በእርሳስ ላጠፋው ብሞክርም ከሥሩ የሚገኝ ፊት የለም።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ እማማ፣ ሌላ የለኝም" ብዬ ሰጠኋቸው።

ብዙ አዩት። ጉንጩን በጣታቸው ዳበሱት።

"ቢቆይልኝ ኖሮ እንዲህ ያረጅልኝ ነበር" አሉ። በነጠላቸው ሸፍነው ይዘውት ወጡ።

ከሰዓት በኋላ ለዘመቻ የተመለመሉ የዳባት ልጆች መጡ። ለማስታወሻ መነሳት ፈልገው ነው። እየሳቁ ግድግዳዬ ላይ የተሰቀለውን ባርኔጣና ጥቁር መነጽር አደረጉ።

"አውልቁት፣ ፊታችሁ ይታይ" አልኳቸው።

"ለምን ጋሼ? ያምርብን የለ?" አለኝ አንዱ።

መነጽሩን በእጄ አወለቅኩለትና ካሜራው ጀርባ ጎንበስ አልኩ።