ጮክ ብሎ ማንበብ

ሰኞ

ዛሬም አልጻፍኩም ማለት ይቻላል። አንድ አንቀጽ፣ እሱም የሚያስጠላ። "ልቧ በሐዘን ተሰበረ" ብዬ ጨረስኩት። የማን ልብ ነው እንዲህ በቀላሉ የሚሰበረው? አጠፋሁት።

ጥፋቱ ሁሉ የኔ አይደለም። ሥራ ከመግባቴ በፊት ያለችኝ ትርፍ ሰዓት የጠዋቷ ብቻ ናት፤ ያለኝም ጠረጴዛ የወጥ ቤቱ ነው። እዚያው ወጥ ቤት ደግሞ የአክስቴ ልጅ ጽጌ ስልኳን ማይክሮዌቩ ላይ አስደግፋ፣ በስፒከር፣ የጸሎት መስመሯን ትከፍታለች። ሰዉ ከያለበት ደውሎ ይገባል። ከጋርዴና ሰፈር፣ ከክሬንሾው ሰፈር፣ አንዳንዱ መኪና እየነዳ። የሚመሩት እትዬ አስካለ ናቸው። ጽጌ "እህት አስካለ" ነው የምትላቸው፤ እኔ የቤተ ክርስቲያናቸው ሰው ስላልሆንኩ እትዬ እላቸዋለሁ።

እትዬ አስካለ ሲጸልዩ "ጌታ ሆይ፣ አንተ ታውቃለህ" ብለው ይጀምራሉ። ከዚያ የማያውቅ ይመስል ሁሉን ይነግሩታል። የማን ባል ውጭ እንዳደረ፣ የማን ልጅ ትምህርት እንዳቋረጠ፣ ማንን ምን እንዳመመው። በስም። ያ ሁሉ ጆሮ እየሰማ። እኔ እስክሪብቶ ይዤ ተቀምጬ የሰው ጉድ ስሰማ ሰዓቴ ያልቃል።

ከዚያ አሰብኩት። ለምን እሳቸውን አልጽፍም?

እንዳልረሳው፦
በየጠዋቱ መቀመጥ፣ ቢመጣም ባይመጣም።
"ልብ" የሚባል ቃል አለመንካት።
ከመነሳቴ በፊት የጻፍኩትን ጮክ ብዬ ማንበብ።

የመጨረሻው የጋሼ መርሻ ምክር ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ፌርፋክስ በሚባለው የሐበሻ ሱቆች መንገድ ላይ፣ አንድ ምግብ ቤት ጓሮ ክፍል ውስጥ የምንሰበሰብ ጥቂት ጸሐፊ ነን ባዮች አለን፤ መሪያችን እሳቸው ናቸው። "ምላስሽ የተደናቀፈበት ቦታ ላይ አንድ ስህተት አለ" ይላሉ። ከአፋቸው የወጣ አንድ የሚረባ ነገር ይሄ ነው። የቀረው "ቆንጆ ነው" ነው። የማንም ይሁን፣ ምንም ይሁን፣ ቆንጆ ነው። የፊታችን ቅዳሜ የማንበብ ተራው የኔ ነው። ቆንጆ ነው የማይባል ነገር ይዤ ካልገባሁ ማኅበሩንም መጻፉንም እተዋለሁ።

ማክሰኞ

መጣልኝ። እጄ ሊከተለኝ አልቻለም።

እትዬ አስካለን አስናቀች አልኳቸው። ፀጉራቸውን አሳጠርኩ፣ ሰፈራቸውን ቀየርኩ። የቀረው ራሳቸው ናቸው። እንዲህ የሚል አለበት፦ "አስናቀች ለሰው ሁሉ ትጸልያለች። ስለ ልጇ ግን አንድ ቀን አንስታ አታውቅም። ልጇ ስልክ የማታነሳላት ጠልታት አይደለም። ዛሬ ለእናቷ የነገረችው ነገር ነገ ጠዋት በጸሎት መስመር ላይ እንደሚውል ስለምታውቅ ነው።"

የልጃቸውን ነገር ያወራችልኝ ጽጌ ናት። ሲያትል የምትኖር አንዲት ልጅ አለቻቸው፤ ስልካቸውን ማንሳት ካቆመች ቆይታለች። ምክንያቱን የሚያውቅ የለም። እኔ ግን አወቅኩት። ክፉ ደስታ ነው የተሰማኝ፣ ቢሆንም ደስታ ነው።

ባልድዊን ሂልስ ሰፈር፣ ቤታቸው እየሄድኩ የምንከባከባቸውን አሮጊት ፀሐይ ላይ አስቀምጬ ለብቻዬ ሳቅኩ። ምን እንዳሳቀኝ ጠየቁኝ። ሥራ አልኳቸው። አላመኑኝም።

ረቡዕ

ተናድጄ ነው የምጽፈው። አፍሬ አይደለም።

ዛሬ ጠዋት ለመጸለይ ተራው የጽጌ ነበር። ጸለየች፣ ጨረሰች፣ ሻወር ገባች። ስልኩ ጸጥ አለ። ለካ ድምፁን ቀንሳው ነው፤ እኔ መስመሩ የተዘጋ መሰለኝ። እንደ ደንቤ ብድግ አልኩና የጻፍኩትን ከላይ እስከ ታች ጮክ ብዬ አነበብኩ። አሳምሬ ነው ያነበብኩት። "ጌታ ሆይ፣ አንተ ታውቃለህ" የሚለው ጋ የእትዬ አስካለን ድምፅ ሳይቀር አስመሰልኩ።

ጽጌ ስትጸልይ የከፈተችውን ማይክ አልዘጋችውም ነበር።

በኋላ እንደሰማሁት መጀመሪያ ላይ ሰዉ ምስክርነት መስሎታል። አንዷ አሜን እያለች ነበር አሉ። "አስናቀች ለሰው ሁሉ ትጸልያለች" ስል ሌላዋ ሃሌ ሉያ ብላለች። የልጅቷ ነገር ላይ ስደርስ ግን ሁሉም ጭጭ። ስልኩን የዘጋ አንድም ሰው የለም።

ጽጌ ፎጣ ጠምጥማ ስትወጣ ስልኳ ላይ መልእክቱ በላይ በላዩ ይገባል። አነበበች። ቀና ብላ አየችኝ።

"ሚዩት አላደረግሽውም እንዴ?" አልኳት። ዕድሜ ልኬን እንዲህ ያለ የማይረባ ነገር ተናግሬ አላውቅም።

"ሶ ጥፋቱ የኔ ነው?" አለች። ከዚያ ብዙ አለች። ቤቴ ጆሮ ጠቢ አስቀምጬ ነው የኖርኩት አለች። የሚጸልዩትን ሰዎች ጉድ ቁጭ ብለሽ ስትለቅሚ ነው የኖርሽው አለች። በመጨረሻ ድምፅዋ ቀዘቀዘ፤ እሱ ነው ያስፈራኝ። "ሰኞ ጠዋት መስመሩ ላይ ትገቢያለሽ። ሁሉም እየሰማ እህት አስካለን ይቅርታ ትጠይቂያለሽ። ካልሆነ ክፍል ፈልጊ።"

ቤቱ የሷ ነው። ልታስወጣኝ ትችላለች። በዚህ ከተማ ሌላ ቦታ የማገኘው መኝታ የሰው ሶፋ ነው፤ ሶፋ ላይ ደግሞ ጠረጴዛ የለም።

አልጠይቅም። በየጠዋቱ የሰው ገመና የሚዘረግፉት እሳቸው፣ ይቅርታ የምጠይቀው እኔ?

ሐሙስ

ጽጌ ቀድማኝ ተነስታ ጠረጴዛውን በታጠበ ልብስ ሞልታ ጠበቀችኝ። ካልሲ ታጣጥፋለች። ካልሲ ተጣጥፎ ያውቃል እዚህ ቤት? የጸሎት መስመሩን መኝታ ቤቷ ውስጥ፣ በሩን ዘግታ፣ በጆሮ ማዳመጫ ሰማች።

መኪና ውስጥ ደብተሬን መሪው ላይ ደግፌ ሞከርኩ። የወጣው ስድብ ብቻ ነው። እሱም በደንብ ያልተጻፈ ስድብ።

የጠላሁት፦ ጽጌን። የጽጌን ስልክ። ማይክሮዌቩን። አሜን ያለችውን ሴትዮ። ጮክ ብለሽ አንብቢ ያሉኝን ጋሼ መርሻን። ሻወር የሚባል ነገርን።

ዓርብ

ከሥራ ስወጣ ሽሮ ልገዛ ፌርፋክስ ሄድኩ። ፓርኪንግ ፍለጋ ስዞር ብቻ ግማሽ ትዕግሥቴ አለቀ። ሱቁ በር ላይ ቆመው የሚያወሩ ሁለት ሴቶች ሲያዩኝ ወሬያቸውን አቋረጡ። ገባሁ። ከሽሮው መደርደሪያ ፊት እትዬ አስካለ ቆመዋል።

የሥራ ዩኒፎርማቸውን ለብሰዋል። ስልክ ላይ ድምፃቸው ቤቱን ይሞላዋል፤ በአካል ግን ትከሻዬ ጋ ብቻ ነው የሚደርሱት።

"ሂሩት" አሉኝ።

"እንደምን ዋሉ፣ እትዬ አስካለ።"

"ልጄ ለምን እንደማታነሳልኝ በምን አወቅሽ?"

ይሰድቡኛል ብዬ ነበር የተዘጋጀሁት። መልስም ነበረኝ፤ ስለ ጸሎት፣ ስለ ሰው ምሥጢር፣ ሁለት ቀን ሙሉ የሞረድኳቸው ዓረፍተ ነገሮች። አንዱም ለዚህ ጥያቄ አልሆነም።

"ገምቼ ነው" አልኩ።

"ካንቺ ጋር አውርታ መስሎኝ ነበር" አሉ። ሽሯቸውን አንስተው ወደ ሒሳብ መክፈያው ሄዱ።

ምንም ሳልገዛ ወጣሁ። ደህና አድርገው ቢሰድቡኝ ምን ነበረበት? ተሰድቤ ብሄድ ኖሮ ዛሬ ማታ በደንብ እበላ ነበር።

ቅዳሜ

ሌላ ጊዜ ግማሹ ወንበር ባዶ የሚሆነው ክፍል ዛሬ ሰው የሚቀመጥበት ጠፋ። ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል። ጋሼ መርሻ ማኪያቷቸውን እያማሰሉ "እስኪ ያንን የጸሎት መስመሩን" አሉ። ዓይናቸው ይስቃል።

አነበብኩላቸው። ይስቃሉ ባልኩበት ቦታ ሁሉ ሳቁ። የእትዬ አስካለን ድምፅ ሳስመስል አንዱ ጠረጴዛ መታ። ስጨርስ አጨበጨቡ። "ልክ ልኳን ነግረሻታል" አለኝ ከኋላ የተቀመጠ፣ ስሙን እንኳ የማላውቀው ሰው። ጋሼ መርሻ "ቆንጆ ነው" አሉ።

ሁሉንም ጠላኋቸው። ከምጠላቸው ውስጥ ደግሞ እኔም ነበርኩ፣ ዋናዋ።

ምክንያቱም ምላሴ ተደናቅፏል። "ስለምታውቅ ነው" የሚለው ላይ። ማክሰኞ አልተደናቀፈም፣ ረቡዕም አልተደናቀፈም። ዛሬ ተደናቀፈ።

"ጋሼ፣ ይቺ ሴትዮ ግን ምንድነው የምትፈልገው?" አልኳቸው።

"የትኛዋ?"

"አስናቀች። ጽሑፉ ውስጥ ያለችው። ምንም አትፈልግም እኮ። እንድንስቅባት ነው ያቆምኳት።"

"ኖ ኖ፣ እንዳትነኪው። ቆንጆ ነው።"

ወረቀቴን ሰብስቤ ወጣሁ። ከኋላዬ አሁንም ይስቁ ነበር።

እሑድ

ጽጌ ቤተ ክርስቲያን ናት። ጠረጴዛው የኔ ነው፤ ምናልባት ለመጨረሻ ጊዜ።

ያቺን ምላሴ የተደናቀፈባትን ዓረፍተ ነገር ሰረዝኳት። ከጻፍኩት ሁሉ እሷን ነበር የምወዳት። እሷ ስትወጣ የተቀረው ተናደ፤ ለካ ሁሉም እሷን ተደግፎ ነው የቆመው። ተናድጄ ተነሳሁ፣ ዕቃ አጠብኩ፣ ተመልሼ ተቀመጥኩ።

መስመሩ ከተዘጋ በኋላ አስናቀች ምን ታደርጋለች? አላውቅም። ያወቅኩ መስዬ ነው የሰነበትኩት።

ብዙ ነገር ሞከርኩ። አስለቀስኳት፤ ሰረዝኩ። አስቆጣኋት፤ ሰረዝኩ። በመጨረሻ አስደወልኳት። ልጇ አታነሳም። ለምን እንደማታነሳ አልጻፍኩም። አስናቀች የምትደውለው ታነሳለች ብላ አይደለም። "አሁን ላነሳ አልቻልኩም፣ መልእክት ተዉልኝ" የሚለውን የልጇን ድምፅ ለመስማት ነው። ትሰማዋለች፣ መልእክት ሳትተው ትዘጋለች። በማግስቱም ትደውላለች። ስለ ልቧ አንድም ነገር አላልኩም።

ጽጌ ስትመለስ ጫማዋን ሳታወልቅ "ወሰንሽ?" አለችኝ።

"ነገ ታያለሽ።"

"ክፍል አይተሻል?"

"አይቻለሁ" አልኳት። አላየሁም።

ሰኞ

ጽጌ ዛሬ መኝታ ቤቷ አልገባችም። ስልኩን አምጥታ ጠረጴዛዬ ላይ፣ ወረቀቴ ላይ አስቀመጠችው። "እህት አስካለ፣ ሂሩት የምትለው አላት" አለች። ማይኩ መከፈቱን በጣቷ አሳየችኝ። "በይ" አለችኝ በሹክሹክታ፣ "ይቅርታሽን።"

የትናንቱን ጽሑፍ ከስልኩ ሥር ሳብኩና ማንበብ ጀመርኩ።

የማደርገው ሲገባት ስልኩን ልትነጥቅ እጇን ሰደደች። "ተያት" የሚል ድምፅ ከስልኩ ወጣ። እትዬ አስካለ ናቸው። ጽጌ እጇን መለሰች፤ ቁጭ አላለችም።

ድምፃቸውን አላስመሰልኩም። በራሴ ድምፅ ነው ያነበብኩት፣ እሱም እየሻከረ። መደወሏ ጋ ደረስኩ። ቮይስሜሉ፣ የልጇ ድምፅ ጋ ደረስኩ። ጨረስኩ። አሜን ያለ የለም። የአንዱ መኪና ፍሬቻ ሲመታ ብቻ ይሰማል።

"ድምፅዋ በፊት ነበረበት" አሉ እትዬ አስካለ። "ልክ ነሽ። አሁን ቀይራዋለች። በሷ ፋንታ ማሽኑ ነው ቁጥሩን የሚናገረው።"

"ይቅርታ ያድርጉልኝ" አልኩ። ልለው አልነበረም። ወጣ።

አድርጌልሻለሁ አላሉም። "ጌታ ሆይ፣ አንተ ታውቃለህ" ብለው ጀመሩ። ሁላችንም የሚቀጥለውን ጠበቅን። ጽጌ ዓይኗን ጨፍናለች። ሌላ ነገር አልጨመሩም። "አሜን" አሉና መስመሩ ተዘጋ።

ጽጌ ስልኳን አንስታ ወደ ማይክሮዌቩ መለሰችው። ውጪ አላለችኝም፣ ቅሪም አላለችኝም። መቅረቴን ወይ መውጣቴን የማውቀው ነገ ጠዋት ጠረጴዛው ላይ ልብስ መኖር አለመኖሩን ሳይ ነው።

ይህን የምጽፈው ባልድዊን ሂልስ መኪና ውስጥ ነው፤ አርፍጃለሁ። የማሽኑ ነገር እኔ ከፈጠርኩት ሁሉ ይበልጣል። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው የሚፈልገው፤ ያኔ ጽሑፉ በእግሩ ይቆማል። ግን የሳቸው ነው። እዚህ ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩት። እዚያ ጽሑፉ ውስጥ ገና አልጻፍኩትም።