ያልተከፈተው የሮይስ ካርቶን

እኔ ኤሊስ ዳቢክ፣ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ፣ ዛሬ እሑድ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መጋቢት 9 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ ኦሃዮ ውስጥ በፖል ክሪክ ከተማ፣ በአባቴ ቤት ከወጥ ቤቱ ጠረጴዛ አጠገብ ተቀምጬ፣ ማንም ሳያስገድደኝና ሳያባብለኝ ይህን ቃሌን እሰጣለሁ። የታመመው ልቤ ነው፤ አእምሮዬ ደኅና ነው። ዛሬ በአገሩ ሁሉ ሰዓት ወደፊት የሚገፋበት ቀን ስለሆነ፣ ስንነቃ አንድ ሰዓት ከእጃችን ተወስዶ አገኘነው። ከነገ ወዲያ ክሊቭላንድ ውስጥ ሐኪሞች ደረቴን ይከፍታሉና፣ የቀረውን ሰዓት ሌላ ሰው ሳይወስድብኝ ልናገር።

ቃሌን የሚጽፉት ሚስ ዊልማ ታከር ናቸው፤ የባንካችን ገንዘብ ከፋይ፣ እጅ ጽሑፋቸው ያማረ። ሁለተኛው ምስክር ሚስተር ኦርቪል ሄንሽ ናቸው፤ ከልብስ ማጠቢያው ጎን ያለው የአሮጌ ሳንቲም ሱቅ ባለቤት። አባቴ ቨርነን ዳቢክ እንዲቀመጥ ተለምኖ እምቢ ብሏል። ጋራዡ ውስጥ ነው፤ በሩን ግን ገርበብ አድርጎ ትቶታል። እኅቴ ፐርል አሥር ዓመቷ ነው። ይህን እንዳትሰማ ምድር ቤት ወርዳ ቴሌቪዥን እንድታይ ተደርጓል። እዚህ የሚባለው ሁሉ፣ የእኔም የእነሱም፣ ሳይቀነስ እንዲጻፍ ለምኛለሁ።

ገና ሳንጀምር ሚስተር ኦርቪል፣ «ልጄ፣ አሥራ ስምንት ያልሞላው ሰው ኑዛዜ በሕግ አይጸናም» አሉኝ።

«ፍርድ ቤት አልወስደውም። እናንተ እንድትፈጽሙት ነው።»

«እንዲያ ከሆነ ከፍርድ ቤትም የባሰ ነው» አሉና መነጽራቸውን አውልቀው ወለወሉ።

ወንድሜ ሮይስ ባለፈው ኅዳር በሃያ ዓመቱ ሞተ። ከባንኩ ያዘዘውን፣ ኒኬል የሚባሉት የአምስት ሳንቲሞች የታሸጉበትን ካርቶን ታቅፎ የባንኩን ደረጃ ሲወርድ ወደቀ። ካርቶኑ ተቀደደና በወረቀት የታሸጉት የሳንቲም ጥቅሎች እስከ ፀጉር ቤቱ በር ድረስ ተንከባለሉ። ከቀብሩ በኋላ ሐኪሙ አባቴን ጠርቶ፣ የሮይስ የልብ ጡንቻ ወፍሮ እንደነበረ፣ ይህም በዘር የሚወርድ ስለሆነ እኔና ፐርል ሳይውል ሳያድር እንድንመረመር ነገረው። እናታችን ፐርልን በወለደች በዓመቷ ተኝታ አልነቃችም ነበር። አባቴ «እስቲ ይቆይ» አለ። በጥር ወር ትምህርት ቤት ስሮጥ ወደቅኩ፤ ያን ጊዜ እኔን ሳይወድ በግዱ ወሰደኝ። ፐርል ግን እስካሁን አልታየችም። ከዚህ በታች ስለ ሳንቲም የምለው ሁሉ ወደዚህ ነገር የሚሄድ መሆኑን ምስክሮቼ ይወቁልኝ።

በመጀመሪያ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ብር ተቀላቅሎባቸው የተሠሩትን ኒኬሎች፣ በጀርባቸው ከተቀረጸው ሕንፃ ጉልላት በላይ ትልቅ ፊደል ያለባቸውን፣ በሻይ ቆርቆሮው ውስጥ እንዳሉ ለሚስተር ኦርቪል ሰጥቻለሁ። ቀልጠው እንዳይሸጡ።

«አላቀልጣቸውም! እኔ ሳንቲም ሻጭ እንጂ ሥጋ ጠባሽ ነኝ እንዴ?»

«ባለፈው ዓመት የቀለጠውስ?»

«እሱ ሩብ ዶላር ነበር። ዝም ብለህ ተናዘዝ።»

ያዋሱንን አጉሊ መነጽርም ይውሰዱ። ሮይስ አንዱን ጠርዝ ሰንጥቆታል፤ በስንጥቁ በኩል ሲታይ እያንዳንዱ ሳንቲም ብርቅ ይመስላል። ብዙ ጊዜ ያታለለን እሱ ነው።

ሚስ ዊልማን በተመለከተ። እኔና ሮይስ ኒኬል በካርቶን ከባንክ እናወጣለን፤ ምድር ቤት አንድ በአንድ ገልብጠን እናያለን፤ የሚቀመጠውን አስቀርተን የቀረውን ሃያ ማይል ርቆ በሚገኘው በሌላ ከተማ ባንክ እናስገባለን። እዚያው ብንመልሰው ያየነውን መልሰን ስናይ እንኖራለን። ሮይስ በዚህም አይታመንም ነበር፤ ያየውን ሁሉ ጉልላቱ ላይ በአረንጓዴ ብዕር ነጥብ ያደርግበታል። ነጥብ ማለት ታይቷል ማለት ነው። አሮጌ ጥቅል ሰው ይዞ ሲመጣ ለእኛ ደብቀው የሚያስቀምጡልን ሚስ ዊልማ ነበሩ። ከኅዳር ወዲህ ግን ዓይኔን አያዩም፤ ያንን ካርቶን በመስኮቱ ያቀበሉት እሳቸው ስለሆኑ። ለሚስ ዊልማ የምሰጠው ይህን ቃል ነው፦ ሮይስ ካርቶኑን ባያነሳ ኖሮ ጎማ ሲያነሳ ይሆን ነበር፤ ኳስ ሲያነሳ ይሆን ነበር። ከእጅዎ የተቀበለው ደስ ብሎት ነው።

(ከዚህ በፊት ያሉትን ሦስት መስመሮች የጻፍኩት እኔ ኦርቪል ሄንሽ ነኝ፤ ሚስ ዊልማ ብዕሩን አስቀምጠው ነበርና። አሁን መልሰው ይዘውታል።)

ሰማያዊው አልበም ለአባቴ ይሁን። በውስጡ የየዓመቱ ኒኬል በየቀዳዳው አለ፤ አንድ ቀዳዳ ብቻ ባዶ ነው፤ በ1950 ዴንቨር ከተማ የተመታው ብርቅ ኒኬል ቦታ። እሱ በሚስተር ኦርቪል ሱቅ መስታወት ውስጥ አለ፤ በልደቱ ቀን ሊሰጡት ቢሉ ሮይስ፣ «ራሴ ፈልጌ ያላገኘሁትን አላስገባም» ብሎ መለሰላቸው። አባቴ ለቀብሩ ቀን የዚህን አልበም ሳንቲሞች ሁሉ አውጥቶ፣ እንደ መስታወት እስኪያብረቀርቁ በጥርስ ሳሙናና በጨርቅ ፈትጎ መልሷቸዋል። የሳንቲም ሰው ይህን ሲሰማ ፊቱን ያዞራል፤ የተፈተገ ሳንቲም የሞተ ሳንቲም ነውና። እኔ ግን አባቴ ሌሊቱን ሙሉ ምን ሲያደርግ እንዳደረ አውቃለሁ። ከፈተጋቸው እጅ ሌላ የሚገባው ሰው የለም።

ከጋራዡ፣ «ማን ነገረኝ እንደዚያ እንደሚያበላሸው?» የሚል ድምፅ ተሰማ።

ሚስተር ኦርቪል፣ «ቨርነን፣ አልሰማም ያለ ሰው እንዲህ ቶሎ አይመልስም!» አሉ።

«አንተ ሽማግሌ፣ ልጄን በቁሙ ቅበረው ብዬ ነው ያስገባሁህ?»

«ያስገባኝ ልጅህ ነው። አንተማ ቡና እንኳ አላቀረብክም።»

እኔን ለምርመራ በወሰደኝ ሐሙስ ስንወጣ የሆነውን አባቴ እንዲጻፍ አይፈልግም፤ እኔ ግን አስጽፋለሁ። ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ከቆመው ማሽን ለስላሳ ገዛሁ። መልስ ሆኖ የወደቀውን ኒኬል ገልብጬ ሳየው ጉልላቱ ላይ አረንጓዴ ነጥብ አለ። ከቤታችን ሁለት ሰዓት ተኩል ተነድቶ የሚደረስበት ቦታ ነው። ሮይስ ነጥብ ያለበት ሲመጣብን፣ «ዞረን መጥተናል፤ መንገድ እንቀይር» ይል ነበር። አባቴ ሳንቲሙን በእጁ አልነካውም። መኪናው ውስጥ ሆኖ፣ «በመስኮት ወርውረው» አለኝ፤ እምቢ አልኩት። ያ ኒኬል ካልሲዬ ውስጥ ነው። ከማክሰኞው ቀዶ ሕክምና ከተመለስኩ ራሴ ዕቃ እገዛበታለሁ። ካልተመለስኩ ሚስተር ኦርቪል ከኦሃዮ ውጭ ይዘውት ሄደው ማስቲካ ይግዙበት። በዚህ ቤት እንዳያድር።

ጎሹ። ሮይስ በመጀመሪያው ካርቶኑ ያገኘው፣ በአንድ ፊቱ ጎሽ፣ በሌላው የቀይ ሕንዳዊ ሰው ራስ ያለበት፣ ዓመቱ ግን ተፍቆ የጠፋው ኒኬል፣ እሱም ለአባቴ ነው። በዚህኛው ላይ ግን ሁኔታ አለበት። የተፋቀውን ዓመት የሚያወጣ አሲድ አለ፤ አንድ ጠብታ ሲነካው ቁጥሩ ይመለሳል፤ ሳንቲሙ ግን ጠቁሮ ይቀራል፤ ማንም አይፈልገውም። ብዙዎች በጉጉት እንዲህ አድርገው ይጸጸታሉ። ሮይስ አላደረገም። «ዓመቱን ለማወቅ ብዬ አልገድለውም» ይል ነበር። አሁን አባቴ ስለ ፐርል ምርመራ በተነሳ ቁጥር ይህንኑ ቃል ይጠቅሳል።

«እና ውሸት ነው?» አለ አባቴ ከጋራዡ። «አንተን ወሰድኩህ፣ ዓመትህን ነገሩኝ። ከዚያ ወዲህ በዚህ ቤት እንቅልፍ አለ? እሷ ትስቃለች፣ ትበላለች። ተዉልኝ! አንዷ እንኳ ሳታውቅ ትኑርልኝ!»

«አባዬ፣ ሳንቲም ዓመቱ ባይታወቅም አይሞትም፤ ሰው ግን ይሞታል።»

ከጋራዡ የመፍቻ ድምፅ ይሰማ ነበር። ስለዚህ ሁኔታው ይኸው ነው፦ አባቴ ጎሹን የሚወስደው ፐርልን ለልብ ሐኪም ባሳየ ቀን ነው። እስከዚያ ድረስ ሚስተር ኦርቪል ይያዙት፤ አሁን በእጃቸው ሰጥቻቸዋለሁ፤ ቢለምናቸውም ቢሰድባቸውም አይስጡት።

«ስድቡን ለምጄዋለሁ» አሉ ሚስተር ኦርቪል፤ በዚህ ጊዜ ግን አልሳቁም።

የመጨረሻው የሮይስ ካርቶን ነው። በእኛ ዘንድ ካርቶን የሚከፍተው ከባንክ ያመጣው ሰው ነው፤ ሌላ ሰው የሌላውን ዕድል አይነካም። ሰዎች ከመንገድ ለቅመው ያመጡልንን ጥቅሎች በተቀደደው ካርቶን መልሼ፣ በገመድ አስሬ፣ ምድር ቤት ከሥራ ጠረጴዛችን ሥር አስቀምጬዋለሁ። አንድም ጥቅል አልተከፈተም። በ1950 ዴንቨር የተመታው ምናልባት እዚያ ውስጥ ይኖር ይሆናል፤ ወይም አይኖርም። ካርቶኑን ለፐርል ሰጥቻለሁ፤ ከፍታ ማየት የምትችለው እሷ ብቻ ናት። ነገር ግን ሐኪም አይቷት እስኪፈቅድላት ድረስ እንዳታነሳው። የኒኬል ካርቶን የማያውቀውን ሰው ያታልላል፤ ሲያዩት ትንሽ ነው፣ ሲያነሱት ግን…

(እዚህ ላይ ቃሉ ተቋርጧል። የሆነውን ኤሊስ እንዳጻፈን እንጽፋለን።)

ከምድር ቤቱ ደረጃ አንድ ነገር ሲጎተት ተሰማ፤ ከዚያም ቆመ። በሩን ስከፍት ፐርል ከደረጃው መካከል ተቀምጣለች፤ ካርቶኑ ጭኗ ላይ ነው። ከንፈሯ ነጥቷል። ስሟ ሲጠራ ሰምታ ልታመጣልን ነበር።

አባቴ በእኔና በሚስ ዊልማ መካከል አልፎ እንዴት እንደወረደ አላየሁም። ካርቶኑን ከጭኗ አንስቶ ደረጃው ላይ አኖረና ያዛት።

«አልወደቅኩም አባዬ፤ ቁጭ ብዬ ነው። ዓይኔ ላይ ጥቁር ነጥብ ነጥብ ሲመጣብኝ ቁጭ እላለሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው የሚመጣብሽ?»

«ደረጃ ስወጣ ነዋ። ከዚያ ይጠፋል። ቁጭ በዪ፣ ያልፋል ብሎኛል።»

«ማን ነው ያልፋል ያለሽ?»

«ሮይስ። እሱም ያየው ነበር። ለአባዬ እንዳትነግሪ፣ ካርቶን አታንሳ ይለኛል ብሎ አስምሎኛል።»

አባቴ እዚያው ደረጃው ላይ አጠገቧ ተቀመጠ። ቴሌቪዥኑ ታች ለብቻው ይስቅ ነበር። በመጨረሻ እንደ ሕፃን ታቅፏት ወጣና ወንበር ላይ አስቀመጣት፤ አንድ እጁ ከትከሻዋ አልተነሳም።

«የት ነው የምፈርመው?» አለ።

ሚስ ዊልማ ብዕራቸውን ሰጡት፤ አልወሰደውም። ከሻይ ቆርቆሮው ጎን የነበረውን የሮይስን አረንጓዴ ብዕር አነሳ። «ማክሰኞ ሁለታችሁንም እወስዳለሁ፤ ይሄም ይጻፍ» ብሎ አዟል፤ ተጽፏል። ጎሹን ሚስተር ኦርቪል ሊሰጡት ኪሳቸውን ሲነኩ፣ «ገና ነው» አላቸው።

የሰጠሁት ቃል ይህ ነው። ተነቦልኛል፤ የቀየርኩት የለም። ከማክሰኞ በኋላ የምጨምረው ካለ ራሴ እጽፈዋለሁ፤ ካልጨመርኩ በዚህ ይጽና።

ተናዛዥ፦ ኤሊስ ዳቢክ (ፊርማ)

ጸሐፊና ምስክር፦ ዊልማ ታከር (ፊርማ)

ምስክር፦ ኦርቪል ሄንሽ (ፊርማ)

ሰምቼ የተስማማሁ፦ አባት፣ ቨርነን ዳቢክ (ፊርማ፣ በአረንጓዴ ቀለም)

ማስታወሻ፦ ምስክሮቹ ስንሄድ ካርቶኑ ከደረጃው መካከል እንደተቀመጠ ነበር። ያነሳው ሰው የለም።